ከ240 ኪሎባይት በታች

በፎቶ ቤትና በኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ «ሳይዙን ቀንስልኝ» የሚባለውን ያህል የተናቀ የለም። ጉርድ ፎቶ የሚያነሳው ይመሰገናል፤ ማመልከቻ የሚጽፈው በአጻጻፉ ስም ያወጣል፤ የምስሉን ፋይል ትንሽ የሚያደርገው ልጅ ግን ማውዙን ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ብር እንደተቀበለ ሰው ነው የሚታየው። በእኔ እምነት ከሁሉም ብልሃት ያለበት ይኸኛው ነው። የሰውን ዓይን ጠባይ አጥንቶ የተሠራ፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ሒሳብ ከኋላው አለ። አዋቂ ሲሠራው ፎቶውን ያየ ሰው ምን እንደተቀነሰ አይነቃም። ያላወቀበት ሲሠራው ደግሞ የሰው ፊት ይበላሻል፤ ከዚያም ሲከፋ የሰውና የአገር ስም ይለወጣል።

ከአዳማ ተነስቶ በአዋሽ መልካሳ በኩል ወደ ኢተያና ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው ዴራን ሳይረግጥ አያልፍም። በአርሲ የዶዶታ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደ ማንኛውም የአገራችን ከተማ እዚህም «ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ፕሪንት፣ ሌምኔሽን» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ሱቆች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጡም፤ የሚጨናነቁት ግን የአሜሪካው የዲቪ ሎተሪ ሲከፈት ነው፤ በአብዛኞቹ ዓመታት ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ድረስ። ሳይዝ መቀነስ የሚባለውን ነገር አብዛኛው ሰው የተዋወቀውም በዚህ በዲቪ ነው።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲቪ ፎቶ ያወጣው መስፈርት ግልጽ ነው። ምስሉ ካሬ መሆን አለበት፤ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ቢበዛ 1200 በ1200። ዓይነቱ ጄፔግ፣ ባለ ቀለም። ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት አይበልጥም። ጭንቅላቱ፣ ከአገጭ እስከ አናት፣ ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶውን ይይዛል። ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ፣ ፎቶው ከተነሳ ከ6 ወር ያልበለጠ፣ መነጽር የሌለበት ይሁን። ፊትን በኮምፒውተር ማስዋብም ክልክል ነው፤ ይህን የማይሰሙ ፎቶ ቤቶች አሁንም የደንበኛቸውን ቆዳ እንደ ሸክላ እያለሰለሱ ይልካሉ፤ ለደንበኛቸው የዋሉለት ውለታ አይደለም።

ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚይዘው 240ን ብቻ ነው። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

አንድ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ አንዱ ሱቅ ውስጥ ተራ ስጠብቅ የሰማሁት ይህ ነው። የሱቁ ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አንድ ሽማግሌ ደንበኛውን «ጋሼ፣ ሳይዙ በዝቷል ብሎ መለሰው» አላቸው። «ስንት ነው የሚፈልገው?» «240 ኬቢ።» «ያንተስ ስንት ነው?» «4 ሜጋ።» «ታዲያ ቀንሰዋ የኔ ልጅ!» ልጁም ጥራት የሚለውን መቆጣጠሪያ ይዞ ወደ ግራ እስከ ጥግ ጎተተው። ፋይሉ ቀለለ። የጋሼ ፊት ግን በትንንሽ ካሬዎች ተከፋፈለ፤ ጉንጫቸው ላይ መስመር ወጣ፤ ነጭ ጢማቸው ከጀርባው ነጭ ጋር ተቀላቀለ። ምስሉም ገና ካሬ አልሆነም፤ ከስልኩ እንደወጣ 3000 በ4000 ፒክስል ነው።

ፎቶን መቀነስ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንደኛው ፒክስሉን መቀነስ ነው፤ ቆርጦ፣ አሳንሶ። ሁለተኛው በቀሩት ፒክስሎች ላይ መረጃ መጣል ነው፤ መጭመቅ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ሒሳቡን ላሳይ። 3000 በ4000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ይይዛል፤ በድምሩ 36 ሚሊዮን ባይት። ስልኩ ራሱ ጨምቆት ነው 4 ሜጋ የሆነው። ይህን በፒክስሉ ሳይነኩ ወደ 240 ኪሎባይት ማውረድ 150 እጥፍ መጭመቅ ነው፤ ይህን የሚችል ፊት የለም። መጀመሪያ ካሬ አድርገው ቆርጠው ወደ 1200 በ1200 ካሳነሱት ግን 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ፒክስል፣ 4 ሚሊዮን 320 ሺህ ባይት ይሆናል። ከዚያ ወደ 240 ሺህ ለመድረስ የሚቀረው 18 እጥፍ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱም በመመሪያው መጭመቁ ከ20 ለ1 እንዳይበልጥ ይላል፤ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ናቸው። ወደ 600 በ600 ካወረዱት ደግሞ መላው ምስል 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ባይት ነው፤ አራት ተኩል እጥፍ መጭመቅ ይበቃል። ለጄፔግ ይህ ምንም አይደለም። ጥራቱን 90 ላይ ትተውት እንኳ ነጭ ጀርባ ያለው ጉርድ ፎቶ በሰፊው ይገባል።

ልጁ እንዲህ አድርጎ እንደገና ሠራው፤ ከመጀመሪያው ፋይል ተነስቶ። የጋሼ ጢም ተመለሰ።

ጄፔግ ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚያስቀር ማወቅ ለዚህ ሥራ መሠረቱ ነው፤ ሲያውቁት ደግሞ ይወዱታል። ነገሩ የተጠነሰሰው በ1972 ነው። ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ ያስተምር የነበረው ናሲር አሕመድ ምስልን በኮሳይን ሞገዶች ከፋፍሎ መጻፍ እንደሚቻል አስቦ ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ ጠየቀ። አልተሰጠውም። ሥራውን ግን አልተወም፤ ከተማሪው ከናታራጃንና ከባልደረባው ከራኦ ጋር ጨርሶ በጥር 1974 አሳተመው። በ1986 የተቋቋመው የፎቶግራፍ ባለሙያዎች የጋራ ቡድን ይህንን ሒሳብ መሠረት አድርጎ በ1992 ያወጣው መስፈርት ነው ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ጄፔግ የምንለው። ገንዘብ የተነፈገው ሐሳብ ዛሬ ሚሊዮኖች ፎቶ በተላላኩ ቁጥር ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብርሃንን ከቀለም ይለያል። ዓይናችን የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ የቀለምን ዝርዝር ግን ያን ያህል አይለይም። ስለዚህ ለአራት ፒክስሎች አራት የብርሃን ቁጥር ይያዝና ቀለሙን አራቱም ይጋራሉ። ቀድሞ 12 ቁጥር የነበረው 6 ሆነ። ገና ምንም ሳይሠራ ግማሹ ሄደ፤ ያየ ሰው የለም።

ቀጥሎ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል እያደረገ ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያሉትን 64 የብርሃን ቁጥሮች ወደ ሌላ 64 ቁጥሮች ይለውጣቸዋል። የመጀመሪያው የካሬውን አማካይ ብርሃን ይናገራል። ቀጣዮቹ ዝግ ብሎ የሚለወጠውን ብርሃን፣ የጉንጭን ጥላ የመሰለውን፣ ይይዛሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት በአንድና በሁለት ፒክስል ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን ደቃቅ ነገር ይይዛሉ። እስከዚህ ድረስ የጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መጣሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ለቦታው በተመደበለት አካፋይ ይካፈልና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። በመስፈርቱ ላይ በምሳሌነት በቀረበው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው አካፋይ 16፣ ሁለተኛው 11፣ የመጨረሻው 99 ነው። እንግዲህ 40 የሚል ቁጥር ሁለተኛው ቦታ ላይ ቢገኝ ለ11 ተካፍሎ ወደ 4 ይጠጋል፤ ሲከፈት 4 በ11 ተባዝቶ 44 ሆኖ ይመለሳል፤ ብዙም አልተጎዳም። ያው 40 መጨረሻው ቦታ ላይ ቢሆን ግን ለ99 ሲካፈል ግማሽ እንኳ ስለማይደርስ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ደግሞ ሲከፈትም ዜሮ ነው። ጥራት የሚለው መቆጣጠሪያ እነዚህን አካፋዮች የሚያሳድግና የሚያሳንስ ብቻ ነው። ወደ ግራ በጎተቱት ቁጥር ብዙ ዜሮ ይፈጠራል፤ የዜሮ ሰልፍ ደግሞ በአጭሩ ይጻፋል፤ ፋይሉ የሚቀለው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የተሰላው ለፊት፣ ለሰማይ፣ ለስንዴ ማሳ፣ ለጭላሎ ተራራ ነው። በተፈጥሮ ምስል ውስጥ ደቃቁ ዝርዝር ቢጎድል ዓይን አይከሰውም። ጽሑፍ ግን እንዲህ አይደለም። የእኛ ፊደል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። እስቲ እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ዴራ ብለው ይጻፉ። ዴ ከደ የሚለየው በምንድን ነው? በቀኝ እግሩ ግርጌ ባለች አንዲት ቀለበት። ዲ ደግሞ በዚያው ቦታ ቀለበት ሳይሆን አግድም ጭረት አለው። አናቱ፣ ወገቡ፣ ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ነው። አሁን ይህ ስም በ12 ነጥብ የፊደል መጠን በኤ4 ወረቀት ላይ ታትሞ በ100 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 100 ፒክስል፣ ስካን ተደረገ እንበል። የፊደሉ ቁመት አስራ አንድ አስራ ሁለት ፒክስል ቢሆን ነው። ቀለበቷ ሦስት ፒክስል፤ በመሃሏ ያለው ነጭ ቀዳዳ አንድ ፒክስል። አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር፤ ጄፔግ «ይህ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ደቃቅ ነገር ነው» ብሎ በትልቁ አካፋይ የሚያካፍለው ይህንን ነው። መጀመሪያ ቀዳዳዋ ይደፈናል፤ ዴራ ዲራ ይመስላል። ጨመር አድርገው ሲጨምቁት ግርጌው ይሟሟል፤ ደራ ይሆናል። ደራ ደግሞ ሌላ አገር ነው፤ በደቡብ ጎንደርም በሰሜን ሸዋም ደራ የሚባል ወረዳ አለ። በትውልድ ቦታ መጠየቂያ ሣጥን ፊት ለፊት የተቀመጠች የቢሮ ሠራተኛ ከዚያ ከደበዘዘ ወረቀት ላይ አይታ ስትገለብጥ ምን እንደምትጽፍ አስቡት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ዴ ብቻውን አይደለም። ሲና ሴ፣ ቢና ቤ፣ ሚና ሜ፣ ኪና ኬ፤ ጭረትና ቀለበት ብቻ የሚለያቸው ጥንዶች በየመስመሩ አሉ። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ የተጻፈው የዚያው ሰነድ ክፍል በተሻለ ይተርፋል፤ የላቲን ፊደላት በአብዛኛው በአካላቸው ስለሚለያዩ ነው። ሁለቱም ጽሕፈት ጎን ለጎን ባለበት የአርሲ ሰነድ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቁቤው መስመር ይነበባል፣ የአማርኛው መስመር ጭጋግ ለብሷል። በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ግራጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው፤ የተጣሉት ደቃቅ ሞገዶች የተዉት ጠባሳ ነው።

ማህተሙም አለ። ክብ፣ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ፣ ብዙ ጊዜ በፊርማና በታተመ ጽሑፍ ላይ ያረፈ። ማህተሙን ከሥሩ ካለው ጥቁር ጽሑፍ የሚለየው ቀለሙ ነው። ጄፔግ ደግሞ አስቀድሞ የቀለሙን ዝርዝር አሳንሶታል። ስለዚህ ሐምራዊው ወደ ጥቁሩ ይፈስሳል፤ በክቡ ዳር የተጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም ከፊርማው ጋር ይጨማለቃል።

ታዲያ ሰዎች ሰነዳቸውን በ100 ዲፒአይ ስካን ያደርጋሉ ወይ? አውቀው አያደርጉትም። በቴሌግራም ግን ያደርጉታል። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልኩት በተለመደው አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል፤ ከዚያ በራሱ መጠን ይጨምቀዋል። የኤ4 ወረቀት ርዝመት 29.7 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 11.7 ኢንች ያህል ነው። 1280ን ለ11.7 ያካፍሉ፤ 109 ነው። በጥሩ ስካነር በ300 ዲፒአይ፣ በ2480 በ3508 ፒክስል የተነሳ ዲግሪ አሰላ ካለ ተማሪ ወደ ዴራ ሱቅ በፎቶ መልክ ሲላክ መንገድ ላይ ከሦስት አንድ ሆኖ ይደርሳል። ባለሱቁ ያንን ፕሪንት ያደርጋል፤ ፕሪንት የተደረገው በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ያ ደግሞ በቴሌግራም ይላካል። በየደረጃው እንደገና ይከፋፈላል፣ እንደገና ይጠጋጋል። የተፈጨ ዱቄት ተመልሶ ስንዴ አይሆንም፤ የተጣለ ፒክስልም እንዲሁ። «ጥራቱን ጨምርልኝ» ብሎ የደበዘዘ ምስል ይዞ ለሚመጣ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን አምጣ።

መድኃኒቱ ደግሞ ነጻ ነው። ቴሌግራም ላይ ሲልኩ «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩ። ምስሉ እንዳለ፣ አንድ ባይት ሳይነካ ይደርሳል። ዳታ ይበላል፤ ለዲግሪና ለልደት ምስክር ወረቀት ግን ዳታ አይሰሰትም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህን የሚያውቁ ወጣቶች ለእናት አባታቸው አለማሳየታቸው ነው። ጉዳዩ የአንድ ደቂቃ ነው።

ጨማቂ ማሽን ጽሑፍን የሚቀይር ለማይመስለው ሰው በሌላው ዓለም የሆነውን ልንገረው። በ2013 ዴቪድ ክሪዘል የሚባል ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የአንድ ቤት ፕላን በዜሮክስ ማሽን ስካን ሲያደርግ የሦስት ክፍሎች ስፋት አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ሦስቱም 14.13 ካሬ ሜትር። በወረቀቱ ላይ ግን አንዱ 21.11፣ ሌላው 17.42 ነበር። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ ተመሳሳይ የመሰሉትን ምልክቶች እንደ አንድ ቆጥሮ አንዱን በሌላው ቦታ ይለጥፍ ነበር። ይህ ጄፔግ አይደለም፣ ሌላ ዘዴ ነው፤ እንዲያውም ከጄፔግ የከፋ ነው፤ ጄፔግ ቢያንስ ያደበዝዛል እንጂ ጥርት ያለ የተሳሳተ ቁጥር አይጽፍም። ኩባንያውም ማስተካከያ አውጥቷል። ስፋቱ በቁጥር የተጻፈበት የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ያለው ገበሬ ይህንን ታሪክ ቢሰማ አይጎዳም።

እንግዲህ ለሰነድ የሚሆነው አሠራር ለፊት ከሚሆነው ይለያል። በ300 ዲፒአይ ስካን ይደረግ። ማህተም ከሌለው በግራጫ ይሁን፤ ቀለም መተው ቦታ ይቆጥባል፣ ፊደሉንም አይነካም። ማህተም ካለው በቀለም ይሁንና ጥራቱ 80ና ከዚያ በላይ ይቆይ። ገጹ ላይ ያለውን ባዶ ዳር፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ፣ የያዘውን ጣት ቆርጠው ያውጡ፤ አንዳንዱ ሰው የሚልከው ፋይል ግማሹ ጠረጴዛ ነው። ማመልከቻው ከ1 ሜጋ አይብለጥ ካለና አምስት ገጽ ካለዎት ወደ 200 ዲፒአይ መውረድ ጥራቱን ወደ 20 ከማውረድ በብዙ ይሻላል።

የቀረው አጭር ነው። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም፤ ለሎጎና ለስክሪን ቅጂ ይሆናል፣ ለፎቶ ግን ይከብዳል። ጄፔግን ዚፕ ማድረግ አያቀልለውም፤ አስቀድሞ ተጨምቋል። ፎቶን ዎርድ ላይ ለጥፎ በጥጉ ይዞ ማጥበብ የመጀመሪያውን የፎቶ ፋይል አያሳንሰውም፤ በዓይን ብቻ ነው ያነሰው። ፎቶሾፕ ላይ 300 የሚለውን ወደ 72 መቀየር ፒክስሉ እስካልተነካ ድረስ አንድ ባይት አይቀንስም፤ ያ ቁጥር ለፕሪንተሩ የተጻፈ ማስታወሻ ነው።

አንድ ነገር በየዓመቱ እየበዛ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶች በአይፎን ያነሱትን ፎቶ ይልካሉ፤ የፋይሉ ስም መጨረሻው ኤችኢአይሲ ነው። አፕል ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ ከጄፔግ በተሻለ የሚጨምቅ ዓይነት ነው። የዲቪው ቅጽ ግን የሚቀበለው ጄፔግ ብቻ ነው። ታዲያ አንዳንዱ ባለሱቅ የስሙን መጨረሻ አጥፍቶ ጄፒጂ ብሎ ይጽፍና ይሞክራል፤ ተመልሶ ይመጣል፤ «ኔትወርክ ነው» ይላል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ፋይሉ ያው ነው። በሚቀይር ፕሮግራም ከፍቶ ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥ ነው ያለው። ወይም ዘመድዬው ስልኩ ላይ ሴቲንግ ገብቶ፣ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት የሚለውን ከፍቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ ጄፔግ ሆኖ ይመጣል።